ፍሬቻችንን ወደ ቦታው መልሱልን፦ ለመኪናችን አምራች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለመኪናችን አምራች ኩባንያ የዲዛይን፣ የምህንድስናና የደንበኞች አገልግሎት ክፍል ኃላፊዎች፤

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ዲዛይኑ ታድሶ የወጣውን ኤሌክትሪክ መኪናችሁን የገዛን ሰዎች ነን። ከፍለን፣ ተራ ጠብቀን ተረክበነዋል። በየቀኑ እንነዳዋለን። ልጅ ትምህርት ቤት እናደርስበታለን፤ ሌሊት ከሥራ እንመለስበታለን። የምንነግራችሁ ነገር ሁሉ መሪ ይዘን ያየነው ነው።

ጉዳያችን እንዲህ ነው። በአዲሱ ዲዛይን ከመሪው ጀርባ የነበሩትን ማንሻዎች በሙሉ አነሳችኋቸው። ፍሬቻው መሪው ላይ ወዳሉ ሁለት ትንንሽ ቁልፎች ሄደ። ማርሹ ስክሪን ውስጥ ገባ። የዝናብ መጥረጊያው ፍጥነትም እዚያው ስክሪን ውስጥ ተቀበረ። ክላክሱ ሳይቀር ከመሪው መሃል ተነስቶ የጣት ጫፍ የምታክል ምልክት ሆነ። ቅሬታችንን ስናሰማ የላካችሁልን አንድ የማስተማሪያ ቪዲዮና «ቶሎ ትለምዱታላችሁ» የሚል አጭር መልእክት ነው። ነገሩን በአደባባይ እንድናነሳ ያደረገን ያ መልስ ነው።

አዲስ ነገር አንጠላም። ብንጠላ ኖሮ ኤሌክትሪክ መኪና አንገዛም ነበር። ካርታው፣ ሙዚቃው፣ የቻርጅ ሰዓቱ፣ የወንበሩ አቀማመጥ ስክሪን ላይ ቢሆን ማናችንም አንከፋም። እነዚህን ቆመን እናስተካክላቸዋለን። የምንከራከረው ጥቂት ነገሮች ላይ ብቻ ነው፦ ፍሬቻ፣ ማርሽ፣ ክላክስ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ የአደጋ ጊዜ ፍሬቻና በር። እነዚህን እጅ ያለ ዓይን እርዳታ ማግኘት አለበት። ዓይን መንገድ ላይ ሥራ አለው።

በፍሬቻው እንጀምር፤ ከሁሉም በላይ ያማረረን እሱ ነው።

አደባባይ ውስጥ ናችሁ እንበል። መሪው ወደ ግራ ዞሯል። መውጫችሁ ቀርቧል። ከኋላ ያለው መኪና ተጠግቷችኋል፤ መግቢያው ላይ ደግሞ ሌላ ሾፌር አንገቱን አስግጎ እናንተን ያያል። ትወጣላችሁ ወይስ ትቀጥላላችሁ? የሚያውቀው በፍሬቻችሁ ብቻ ነው። በሌላ መኪና ቢሆን ጣታችሁ ማንሻውን ገፋ ያደርገዋል፤ በቃ። መሪው የትም ቢዞር ማንሻው እዚያው ነው፤ አብሮ አይዞርም።

በእናንተ መኪና ግን ሁለቱ የቀስት ቁልፎች በመሪው ግራ ክንድ ላይ፣ አንዱ ከሌላው በላይ ተቀምጠዋል። መሪውን ወደ ግራ ሩብ ዙር ስናዞረው ቁልፎቹ ወርደው ሆዳችን ፊት ይመጣሉ። ግማሽ ዙር ሲሞላ ቀኝ በኩል ይገኛሉ፤ ላይ የነበረው ቀስትም ታች ይሆናል። የግራ አውራ ጣት በለመደው ቦታ ሲዳስስ ባዶ ፕላስቲክ ነው የሚያገኘው። እጅ ለእጅ አቀያይረን መሪ ስለምናዞር ደግሞ በዚያች ቅጽበት ቁልፎቹ አጠገብ ያለው የትኛው እጃችን እንደሆነ እንኳ እርግጠኛ አንሆንም። ስለዚህ ዓይን ይወርዳል። ዓይን ወርዶ ቀስት ሲፈልግ መውጫው ላይ ዜብራ የሚያቋርጠውን እግረኛ ማን ያየዋል?

ከመካከላችን አንዷ ልትወጣ ስትል በስህተት የግራውን ተጫነች። መግቢያው ላይ የቆመው ሾፌር ልትቀጥል ነው ብሎ ቆመላት። ይህ ቀላሉ ነው። ሌላው አባላችን ዙሩን ሊቀጥል ሲል መሪ እያዞረ መዳፉ የቀኙን ቁልፍ ነካው። የሚወጣ የመሰለው መኪና ፊቱ ገባበት። ሁለቱም ፍሬን ይዘው ተረፉ። ያን ቀን ማን ጥፋተኛ ይባል ነበር? እሱ ነው፤ ፍሬቻው የእሱ ነውና። ቁልፉን እዚያ ያስቀመጠው ሰው ስም በየትኛውም የትራፊክ መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

ከዚህም የሚብስ ነገር አለ። ከእኛ ጥቂት የማይባሉት አሁን አደባባይ ውስጥ ፍሬቻ ማብራት ትተዋል። ሰነፎች ሆነው አይደለም። የተሳሳተ ምልክት ከማሳየት ምንም አለማሳየት ይሻላል ብለው ነው። ለዓመታት በሥርዓት ሲነዱ የኖሩ ሰዎች ናቸው። አንድ ዲዛይን ጠንቃቃውን ሾፌር ሕግ እንዲጥስ ከገፋው ጉድለቱን ሾፌሩ ላይ መፈለግ ተገቢ አይመስለንም።

ይህን ስንል «መኪናውን አይታችሁ ነው የገዛችሁት» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። ልክ ነው፣ አይተናል። ያየነው ግን ማሳያ ክፍል ውስጥ፣ መሪው ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው። መሪው ቀጥ ሲል ቁልፎቹ ምንም አይሉም። የሙከራ ጉዞውም አጭርና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ነበር። ችግሩ የሚወጣው መሪው ሲዞር ነው። ፍሬቻ ደግሞ በአብዛኛው የሚፈለገው ያኔ ነው።

ይህን መንገድ የጀመራችሁት እናንተ ብቻ አይደላችሁም። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ2023 ሞዴል 3ን ሲያድስ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የፍሬቻውን ማንሻ አንስቶ ቁልፍ መሪው ላይ አደረገ። ገዢዎቹ ያሰሙት ቅሬታ የእኛው ነው፤ አደባባይ፣ የዞረ መሪ፣ የጠፋ ቁልፍ። በ2025 ሞዴል ዋይን ሲያድስ ግን የፍሬቻውን ማንሻ አልነካውም። በዚያው ዓመት ቻይና ውስጥ ማንሻ የሌለውን ሞዴል 3 ለገዙ ሰዎች ማንሻ በክፍያ መግጠም ጀመረ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2021 ሞዴል ኤስና ሞዴል ኤክስ ላይ ክብ መሪውን አንስቶ የአውሮፕላን መሪ የሚመስል ቁራጭ መሪ አምጥቶ ነበር። በ2023 መጀመሪያ ክቡን መሪ እንደ አማራጭ መለሰው። እንግዲህ ማንሻ መመለስ በምህንድስና የማይቻል ነገር አይደለም። የተሸጠ መኪና ላይ መግጠምም ይቻላል። እኛ የምንጠይቀው የተደረገ ነገር ነው።

ወደ ማርሹ እንለፍ። ወደፊት ለመሄድ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሽ የመኪና ሥዕል በጣት ወደ ላይ መግፋት፤ ወደኋላ ለመሄድ ወደ ታች መሳብ። ባዶ ቦታ ላይ ሲሞክሩት ቀላል ነው። ጠባብ መንገድ ላይ፣ ከሁለቱም አቅጣጫ መኪና ቆሞ እየጠበቀ፣ ፊትና ኋላ እያሉ መዞር ግን ሌላ ነገር ነው። መሪ ማዞር አለ፤ ስፖኪዮ ማየት አለ፤ ትከሻ ዞሮ ኋላ ማየት አለ። በዚህ መሃል በየዙሩ ወደ ስክሪኑ ተመልሶ ሥዕል መግፋት ተጨመረ። የማርሽ ዘንግ ቢኖር እጅ ሥራውን ይሠራ፣ ዓይን ኋላ ላይ በቆየ ነበር።

የአንድ አባላችን አባት ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ሽማግሌው ረጅም ዘመን የነዱ ሰው ናቸው። ከግንብ ፊት ቆመው ወደኋላ ሊወጡ ጣታቸውን ሳቡ። ፍሬኑን በደንብ ስላልረገጡት ስክሪኑ ትእዛዙን አልተቀበለም፤ በትንሽ ፊደል አንድ ነገር ጻፈላቸውና ጠፋ። እሳቸው ማርሹ የገባ መስሏቸው ኋላቸውን እያዩ ፔዳሉን ረገጡ። መኪናው ወደፊት ሄዶ ግንቡን መታ። ሰው አልተጎዳም። ጥገና ክፍላችሁ መዝገቡን አይቶ «መኪናው በታዘዘው መሠረት ነው የሠራው» አላቸው። እውነቱን ነው። ግን ሰውየው ማርሹ መግባት አለመግባቱን በምን ይወቁ? ዘንግ ቢሆን እጃቸው ይነግራቸው ነበር። ስክሪን ላይ ጣት ሲንሸራተት ማርሽ ገባም አልገባም ስሜቱ አንድ ነው። መኪናው የምንሄድበትን አቅጣጫ ራሱ ይገምታል የተባለውም አላሳረፈንም። ግምቱ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ እኛም በዚያ ምክንያት ማየት እየተውን ነው። አንድ ቀን ሲሳሳት ማንም እያየ አይሆንም።

ማርሽ ላይ ያልተለመደ ነገር ማድረግ ምን እንደሚያስከትል የመኪናው ዓለም አስቀድሞ አይቷል። ፊያት ክራይስለር አንዳንድ መኪኖቹ ላይ ከተገፋ በኋላ ተመልሶ መሃል የሚቆም የማርሽ ዘንግ ገጥሞ ነበር። ዘንጉ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ስለሚቆም ሾፌሮች መኪናውን ያቆሙት እየመሰላቸው ወረዱ፤ መኪናውም ተንሸራተተ። በ2016 ወደ 1.1 ሚሊዮን መኪና ለማስተካከያ ተጠራ። በዚያው ዓመት ተዋናዩ አንቶን የልቺን የገዛ መኪናው ወደኋላ ተንሸራቶ አጣብቆት ሞተ፤ መኪናው ከተጠሩት ዓይነቶች አንዱ ነበር። እነዚያ መኪኖች ላይ ቢያንስ በእጅ የሚያዝ ዘንግ ነበረ። ለእኛ እሱም አልተረፈልንም።

የዝናብ መጥረጊያው አጭር ነገር ነው፤ ግን ዝናብ ላይ አጭር አይደለም። ቁልፉን አንዴ ስንጫን አንዴ ይጠርጋል። ፍጥነቱን ለመቀየር ስክሪን ላይ መሄድ አለብን። ከጎን የሚያልፍ የጭነት መኪና ጭቃ ውሃ ሲረጭብን የፊት መስታወቱ ባንድ ጊዜ ይጠፋል። አንዱ አባላችን እንዳለው፣ መንገዱ በማይታየው ሰዓት መኪናው ስክሪን እይ ይለዋል። አውቶማቲኩ አለ ትሉናላችሁ። አለ፤ ግን በደረቅ መስታወት ላይ ሲንቋቋ ይቆይና ካፊያ ሲመጣ ዝም ይላል። ጀርመን ውስጥ በ2019 አንድ የቴስላ ሾፌር የመጥረጊያውን ፍጥነት ስክሪን ላይ ሲያስተካክል ከመንገድ ወጥቶ ተጋጨ። ጉዳዩ ካርልስሩኸ ወዳለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2020 ፍርድ ቤቱ ስክሪኑን ሾፌር እየነዳ ሊነካካው እንደማይገባ ኤሌክትሮኒክ ዕቃ ቆጠረውና የ200 ዩሮ ቅጣቱንና የአንድ ወር የመንዳት እገዳውን አጸናበት። የመጥረጊያ ፍጥነት መቀየሪያ ሌላ ቦታ የሌለው ሾፌር ተቀጣ፤ ያን የሠራው አልተቀጣም። የእኛም ዕጣ ይህ እንዲሆን አንፈልግም።

ክላክሱ ላይ ብዙ አንልም። ሰው ሲደነግጥ የመሪውን መሃል በመዳፉ ይመታል። በእናንተ መኪና መሃሉ አይጮህም። ሕፃን ልጅ ኳስ ተከትሎ ሲገባበት መሃሉን ደጋግሞ የመታ አባል አለን። ፍሬኑ ስለያዘለት ልጁ ተረፈ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ይህን ለማስረዳት ተጨማሪ ቃል የሚያስፈልግ አይመስለንም።

አሁን ደግሞ ስለ አንዲት አባላችን። ግራ እጇ በሕመም ምክንያት ጣቶቹ በደንብ አይታጠፉም። መኪና ትነዳለች፤ መንጃ ፈቃዷም በዚሁ ሁኔታ ተመርምሮ የተሰጠ ነው። በድሮ መኪናዋ ማንሻውን በእጇ ጀርባ ገፋ ታደርገው ነበር። ጣት አያስፈልገውም፣ ኃይል አያስፈልገውም፣ ከላይም ከታችም ቢመቱት ይሠራል። አሁን ያለው ቁልፍ በአውራ ጣት ጫፍ፣ በትክክል፣ ቦታው ላይ መጫን አለበት። አትችልም። ቀኝ እጇን አሻግራ ስትጫን መሪውን የሚይዝላት የለም። መኪናውን ከገዛች በኋላ ነው ይህን ያወቀችው። ልትሸጠው ስትል ገዢው የጠየቃት የመጀመሪያ ጥያቄ «ማንሻ ያለው ነው ወይስ የሌለው?» የሚል ነበር። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ፣ ጓንት ለሚያደርጉ፣ ጣታቸው ለሚያብጥ ሰዎች ይህ የማንሻ ነገር ምን ያህል ትልቅ ጉዳይ እንደሆነ ዲዛይን ክፍሉ ውስጥ የጠየቀ ሰው ነበር? ካለ ምን ተባለ? ይህን በእውነት ማወቅ እንፈልጋለን።

መኪና ደግሞ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ሚስት ትነዳዋለች፣ ልጅ ይነዳዋል፣ ወንድም ይዋሳል፣ መካኒክ ያንቀሳቅሰዋል። እኛ ብንለምደው እነሱ አልለመዱትም። በሌላ አቅጣጫም እንየው፤ እኛ ራሳችን የመሥሪያ ቤት መኪና ወይም የዘመድ መኪና ስንይዝ አውራ ጣታችን የሌለ ቁልፍ መፈለግ ጀምሯል። «ትለምዱታላችሁ» የሚለው መልስ ይህን አያይም። የለመዱት እንዳሉ አንክድም፤ ይህን ደብዳቤ ከፈረሙት መካከልም አሉ። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ለምደውታል። ድንጋጤ ሲመጣ ግን እጅ የሚሄደው ዕድሜውን ሙሉ ወደሚያውቀው ቦታ ነው።

ስክሪን ጊዜ እንደሚበላ ደግሞ ተለክቷል። የስዊድኑ ቪ ቢልየጋሬ የተባለ የመኪና መጽሔት በ2022 11 ዘመናዊ መኪኖችንና አንድ የ2005 ቮልቮ ቪ70ን በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እያስነዳ አወዳደረ። ሾፌሮቹ ተመሳሳይ አራት ሥራዎችን እንዲሠሩ ተደረገ፤ የወንበር ማሞቂያ መክፈት፣ ሬዲዮ ማስተካከልና የመሳሰሉትን። አሮጌው ቮልቮ በቁልፎቹ 10 ሰከንድ ፈጀበት፤ በዚያ ጊዜ 306 ሜትር ተጓዘ። በውድድሩ መጨረሻ ደረጃ የያዘው ኤምጂ ማርቭል አር የተባለው መኪና 44.9 ሰከንድ ፈጀ፤ 1,372 ሜትር ነው። ሾፌሮቹ መኪናዎቹን አስቀድመው እንዲለማመዱ ጊዜ ተሰጥቷቸው ነበር። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ፣ ዓይን እየተመላለሰ! አንዳንዱ ስክሪን ያለው አዲስ መኪና 14 ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ጨርሷል። ስለዚህ ስክሪን በራሱ ኃጢአት የለውም። ጥያቄው ስክሪኑ ውስጥ ምን ገባ፣ ውጭስ ምን ቀረ የሚለው ነው።

ከመኪና ውጭም ትምህርት አለ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ጆን ኤስ. ማኬይን በ2017 ሲንጋፖር አቅራቢያ ከነዳጅ ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጭቶ 10 መርከበኞች ሞቱ። ምርመራው ካነሳቸው ነገሮች አንዱ መርከበኞቹን ግራ ያጋባው የመሪና የፍጥነት መቆጣጠሪያ ስክሪን ነው። ባሕር ኃይሉ በ2019 በእጅ ወደሚያዙ መቆጣጠሪያዎች እንደሚመለስ አስታወቀ። እነዚያ ሥራቸው ይኸው የሆነ መርከበኞች ነበሩ። እኛ ከኋላ ልጅ እያለቀሰብን የምንነዳ ሰዎች ነን።

ሁሉም ነገር ስክሪን ውስጥ ሲገባ ሌላም ጣጣ አለ። ስክሪኑ ሲታመም ሁሉም አብሮ ይታመማል። በ2021 ቴስላ ወደ 135 ሺህ ገደማ የቆዩ ሞዴል ኤስና ሞዴል ኤክስ መኪኖችን ለጥገና የጠራው የስክሪኑ ማስታወሻ ቺፕ ስላረጀ ነበር። ቺፑ ሲያልቅ የኋላ ካሜራው ይጠፋል፤ የመስታወት ጉም ማጥፊያውን የሚያዝ ነገር ይጠፋል። የእኛ ስክሪን ሁለት ጊዜ ጠቁሮ የቀረባቸው አባላት አሉን። አንዷ ከማቆሚያ ልትወጣ ስትል ነው። ስክሪኑ ተመልሶ እስኪነሳ ማርሽ የሚባል ነገር አልነበራትም። ከጣሪያው ላይ መጠባበቂያ ቁልፍ እንዳለ ሰምታ አታውቅም፤ መመሪያው ውስጥ አለ ተባለች። የመመሪያው መጽሐፍ ደግሞ ያለው ስክሪኑ ውስጥ ነው።

አፕዴቱንም እናንሳ። ማታ መኪናውን አቁመን እንገባለን፤ ጠዋት ስንነሳ የጉም ማጥፊያው ምልክት ሌላ ቦታ ነው። ስልክ ላይ ቢሆን ግድ የለም። መኪና ውስጥ ግን መስታወቱ ጉም ሲይዝ ጣት የሚሄድበት ቦታ ትናንት የነበረበት መሆን አለበት። ማን ፈቀደ? ማንም አልጠየቀንም። «አዳዲስ ማሻሻያዎች» የሚል ዝርዝር ወጣ፤ የቦታው ለውጥ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም።

በሩ ላይ ያለን ቅሬታ ከመሪው ጋር የሚያያዝ ባይመስልም አስተሳሰቡ አንድ ነው፤ ለዓይን የሚያምር፣ ለእጅ የጠፋ። የኋላ በሮች በኤሌክትሪክ ቁልፍ ይከፈታሉ። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ የሚጎተተው ገመድ በር ኪስ ውስጥ፣ ምንጣፍ ሥር፣ ክዳን ተደርጎበት ተቀምጧል። ጎልማሳ ሰው በቀን ብርሃን ሲፈልገው ይቸገራል። ሕፃን በጨለማ እንዴት አድርጎ ያገኘዋል? የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2025 ወደ 174 ሺህ በሚጠጉ የ2021 ሞዴል ዋይ መኪኖች የበር እጀታ ላይ ምርመራ ከፍቷል፤ ወላጆች ልጆቻቸው ውስጥ ቀርተው መስታወት እስከ መስበር ደርሰው ነበር። ቻይና ደግሞ ከ2027 መጀመሪያ ጀምሮ በሮች በእጅ የሚከፈቱበት መንገድ እንዲኖራቸው የሚያስገድድ ደንብ አውጥታለች። ደንብ እስኪያስገድዳችሁ አትጠብቁ።

ክፍል ሲቀነስ ወጪ እንደሚቀንስ እናውቃለን። ሁለት ማንሻ፣ ሽቦዎቻቸው፣ አንድ የማርሽ ዘንግ፣ ጥቂት ቁልፎች፤ በብዙ ሺህ መኪና ሲባዛ ትልቅ ገንዘብ ነው። ይህን በግልጽ ብትነግሩን እንነጋገርበት ነበር። የመኪናው ዋጋ ግን አልቀነሰልንም። የተቀነሰልን መሪ ስንይዝ የነበረን እርግጠኝነት ነው።

ነገሩ ደግሞ በአምራቾችም ዘንድ እየተለወጠ ነው። ፎልክስዋገን መሪው ላይና ስክሪኑ ሥር ያደረጋቸው የሚዳሰሱ መቆጣጠሪያዎች ገዢ ስላማረሩ ወደሚጫኑ ቁልፎች እየተመለሰ ነው። የአውሮፓው የመኪና ደኅንነት መመዘኛ ዩሮ ኤንካፕ ከ2026 ጀምሮ ከፍተኛ ነጥብ ለመስጠት ለአምስት ነገሮች በእጅ የሚያዝ መቆጣጠሪያ ይፈልጋል፦ ለፍሬቻ፣ ለአደጋ ጊዜ ፍሬቻ፣ ለክላክስ፣ ለዝናብ መጥረጊያና ለድንገተኛ እርዳታ ጥሪ። ዝርዝሩን ከእኛ ቅሬታ ጋር አስተያዩት። እኛ ከመንገድ፣ እነሱ ከምዘና ክፍል ተነስተን አንድ ቦታ ላይ ተገናኝተናል።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ የፍሬቻ ማንሻ መልሱልን። ወደፊት ለሚሠሩት መኪኖች ብቻ ሳይሆን ለተሸጡትም። መግጠሚያው ክፍል ተዘጋጅቶ ያለ ክፍያ እንዲገጠምልን እንጠይቃለን፤ ማንሻው እንዲነሳ የወሰናችሁት እናንተ ስለሆናችሁ ወጪውን እኛ የምንከፍልበት ምክንያት አይታየንም። የእጅ ጉዳት ያለባቸው ገዢዎች ተራ ሳይጠብቁ ይቅደሙ። ያ እስኪሆን መኪናውን መመለስ ለሚፈልግ አካል ጉዳተኛ ገዢ ገንዘቡ ሳይቆረጥ ይመለስለት።

ክላክሱ ወደ መሪው መሃል ይመለስ። የዝናብ መጥረጊያው ፍጥነት ያለ ስክሪን የሚቀየርበት አንድ መንገድ ይኑር፤ መሪው ላይ ያለውን በጣት የሚሽከረከር ትንሽ ቁልፍ ለዚህ ማዋል በአፕዴት ብቻ የሚቻል ይመስለናል፤ እሱን ነገ ልታደርጉት ትችላላችሁ።

ማርሹን በተመለከተ፣ በሚቀጥለው ዲዛይን በእጅ የሚያዝ ማርሽ እንዲኖር እንጠይቃለን። አሁን ባሉት መኪኖች ላይ ግን ቢያንስ ሁለት ነገር አድርጉ። የማርሽ ትእዛዝ ተቀባይነት ሲያጣ መኪናው በሚሰማ ድምፅ ይናገር፤ ትንሽ ጽሑፍ አይበቃም። ጣሪያው ላይ ያለው መጠባበቂያ ቁልፍ ደግሞ ሁልጊዜ ብርሃን ኖሮት የሚታይና የሚሠራ ይሁን፤ መኪና ስታስረክቡም ገዢውን አስሞክሩት።

ከመንዳት ጋር የተያያዘ ምልክት በአፕዴት ቦታው እንዳይቀየር። መቀየር ግድ ከሆነ ሾፌሩ አስቀድሞ ይነገረው፤ እንቢ የማለት መብትም ይኑረው። የኋላ በሮች የእጅ መክፈቻ ክዳኑ ተነስቶለት፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ልጅ ሊያየው በሚችል ቦታ ይደረግ። የመመሪያው አስፈላጊ ገጾች በወረቀት ታትመው መኪናው ውስጥ ይቀመጡ።

የሙከራ ጉዞ መንገዳችሁ ውስጥ አደባባይና ጠባብ መዞሪያ ይግባ፤ ገዢው ከመፈረሙ በፊት ይየው። ቀጣዩን ዲዛይን ስትነድፉ ደግሞ በዕድሜ የገፉ ሾፌሮችን፣ አካል ጉዳተኞችን፣ የመንጃ ፈቃድ አሠልጣኞችን አስገብታችሁ አስሞክሩ። ከእኛም ፈቃደኛ የሆኑ አሉ። ያቺ ግራ እጇ የታመመው አባላችን ስሟን አስመዝግባለች።

መልሳችሁን በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን። ቪዲዮ አትላኩልን። የትኛውን ጥያቄ እንደምትቀበሉ፣ የትኛውን እንደማትቀበሉ፣ የማትቀበሉበትንም ምክንያት በየተራው ጻፉልን። በዚህ ጊዜ ውስጥ መልስ ካላገኘን የአባሎቻችንን የተጻፈ ምስክርነት አሰባስበን የተሽከርካሪ ደኅንነትን ለሚቆጣጠረው አካል እናስገባለን።

ከአክብሮት ጋር፣

ዲዛይኑ የታደሰውን ኤሌክትሪክ መኪና የገዛን ደንበኞች ኅብረት
የቅሬታ አቅራቢ ኮሚቴ